ደሴ ላይ ሆኖ የአንዲት የሴቶች መብት ታጋይ ፖለቲከኛን የሕይወት ታሪክ ማዘጋጀት

የዓለም የሴቶች ቀን የሚከበርበት የካቲት 29 ሲቃረብ በደሴና በኮምቦልቻ ትምህርት ቤቶች፣ በቀበሌ አዳራሾችና በሴቶች ማኅበራት ቢሮዎች ግድግዳ ላይ የታዋቂ ሴቶች ፎቶ ይለጠፋል። ከሥሩ «የመጀመሪያዋ ሴት እንዲህ ያለች» የሚል አንድ መስመር ይጻፋል። ተመልካቹ አንብቦ ያልፋል። ሴትዮዋ ከማን ጋር በምን ጉዳይ እንደተሟገቱ፣ ከእሳቸው በፊት ሕጉ ምን ይል እንደነበር፣ በእሳቸው ዘመን ምን እንደተለወጠና ምን እንዳለ እንደቀረ ሳያውቅ ይሄዳል። ይህ መመሪያ ከዚያ አንድ መስመር አልፈው የተሟላ የሕይወት ታሪክ ማዘጋጀት ለሚፈልጉ የትምህርት ቤት ክበባት፣ የማኅበር አባላትና ተማሪዎች ነው።

የሚዘጋጀው ጽሑፍ ከ1,300 እስከ 1,500 ቃላት ቢሆን ይበቃል። በመድረክ ሲነበብ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ለግድግዳ ሲታተም ደግሞ በኤ3 ወረቀት ከአምስት እስከ ስድስት ገጽ ይሆናል። አራት ወይም አምስት ሰው ያለበት ቡድንና ስምንት ሳምንት ይፈልጋል። ለየካቲት 29 ለማድረስ ታኅሣሥ ሳያልቅ መጀመር ነው፤ ገናና ጥምቀት መሃል ገብተው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይወስዳሉና። ረመዳንም በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ገደማ እየቀደመ ስለሚመጣ መቼ እንደሚውል አስቀድማችሁ ተመልከቱ። ጾሙ ከሥራው ጋር ከገጠመ ሽማግሌዎችን የማነጋገሩ ሥራ ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት፤ ካልሆነም በጠዋት ይደረግ። ከአሥር ሰዓት በኋላ የጾመን ሰው ለረጅም ጨዋታ መያዝ ነውር ነው።

ማንን እንምረጥ

ምርጫው ሁለት ነው፤ በአገር ደረጃ የታወቀች ሴት ወይም የአካባቢው ሰው። በሁለቱም ላይ አንድ መመዘኛ አለ፤ ሴትዮዋ ለሴቶች መብት የሠሩት በስሙ ሊጠራ የሚችል ሥራ መኖር አለበት። የተሟገቱለት ሕግ፣ ያቆሙት ልማድ፣ ያስከፈቱት ትምህርት ቤት፣ ያቋቋሙት ማኅበር ሊሆን ይችላል። ሥልጣን መያዝ ብቻውን ለዚህ ርዕስ አይበቃም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወሎን ያስተዳደሩት ወይዘሮ ወርቂትና ወይዘሮ መስተዋት ብርቱ ገዢዎች ነበሩ፤ ምኒልክ ከመቅደላ ባመለጡ ጊዜ ወርቂት መጠጊያ ሆነዋቸዋል። ታሪካቸው ሊጻፍ ይገባዋል፤ ግን የገዢነት ታሪክ ሆኖ ነው መጻፍ ያለበት። ለሌሎች ሴቶች መብት እንደታገሉ አድርጎ ማቅረብ ያልሠሩትን ሥራ መስጠት ነው፤ እነሱንም አያከብራቸውም።

ከአገር ደረጃ ሰዎች ለጀማሪ ቡድን የሚመቹት ስንዱ ገብሩ ናቸው። በ1908 ዓ.ም. አዲስ ዓለም ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ተማሩ። በጣልያን ወረራ ጊዜ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ፤ ተይዘውም በኢጣልያ ወደምትገኘው የአዚናራ ደሴት ተጋዙ። ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መሩ፤ በ1942 ዓ.ም. «የልቤ መጽሐፍ» የተባለ ሥራቸው ታተመ። ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት በመመረጥም የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። በ2001 ዓ.ም. ዐረፉ። ለደሴ አንባቢ አንድ መግቢያ በር አለ። የወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ስም የተወሰደው ከንጉሥ ሚካኤል ልጅ ከወይዘሮ ስሂን ነው፤ የወይዘሮ ስሂን ልጅ ደግሞ ስንዱ በመሩት ትምህርት ቤት ስማቸው የሚጠራው እቴጌ መነን ናቸው። ከተማው በየቀኑ የሚጠራው ስም ስለሆነ ጽሑፉን ከዚህ ማስጀመር ይቻላል።

የአካባቢ ሰው ከመረጣችሁ ግን ከመጀመራችሁ በፊት አንዱ ከሌላው ሳይሰማ ሊናገር የሚችል ቢያንስ ሦስት ሰውና አንድ የጽሑፍ ማስረጃ መኖሩን አረጋግጡ። ሦስቱም የአንድ ቤተሰብ ሰዎች ከሆኑ እንደ አንድ ምስክር ቁጠሯቸው። አንዱ የሠራ፣ አንዱ ያየ፣ አንዱ ያልተስማማ ቢሆን ይመረጣል። በቀበሌ ማኅበር አብራ የሠራች፣ የተጠቀመች ሴትና በወቅቱ የተቃወመ ሰው ማለት ነው። የተቃወመው ሰው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ትግሉ ከምን ጋር እንደነበር በትክክል የሚያውቀው ግን እሱ ነው።

ዘመን መቁጠር፦ ብዙው ስሕተት የሚገባበት ቦታ

ስለ ኢትዮጵያ ሴት ፖለቲከኞች የተጻፈው ገሚሱ በእኛ፣ ገሚሱ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ሰው ሁልጊዜ ስምንት ይቀንስና ይሳሳታል። ደንቡ ይህ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ስምንት ነው።

ስንዱ የተመረጡበትን ምርጫ እንውሰድ። በእንግሊዝኛ ጽሑፎች 1957 ይላል። ስምንት የቀነሰ 1949 ይጽፋል። ድምፁ የተሰጠው ግን ከመስከረም መጀመሪያ አንሥቶ ባለው ጊዜ ስለሆነ በእኛ 1950 ዓ.ም. ገብቷል። ሁለቱም ቁጥሮች በየጽሑፉ ስለሚገኙ፣ ምንጫችሁ ወሩን ካልነገራችሁ ዓመቱን አትለውጡ፤ «እ.ኤ.አ. 1957» ብላችሁ እንዳለ ተዉት።

ሽማግሌዎች ደግሞ ዓመትን በቁጥር አይናገሩም። «ጣልያን ደሴን በቦምብ የደበደበ ጊዜ» ካሉ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። «የ66ቱ ድርቅ» ሲሉ 1965ንም ይጨምራሉ። «የ77ቱ ድርቅ»፣ «አብዮቱ ሲፈነዳ»፣ «ኢሕአዴግ ሲገባ»፣ «ምርጫ 97»፣ አሁን ደግሞ «የ2014ቱ ጦርነት» የዘመን ችካሎች ናቸው። ከመሄዳችሁ በፊት እነዚህን በአንድ ወረቀት ላይ በተርታ ጻፉና ያዙ። «በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ከ77ቱ ድርቅ በፊት ነው በኋላ?» በሉ። ሰዎቹ አይጨናነቁም፣ መልሱም ይጠራል። በሂጅራ የሚቆጥሩ ሰዎች ካጋጠሟችሁ የጨረቃ ዓመት ወደ 354 ቀን መሆኑን አስታውሱ፤ በሂጅራ የተነገረ ዕድሜ በሠላሳ ሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ዓመት ያህል ይጨምራል።

ሌላው ማጣሪያ ዕድሜ ነው። የሚነግራችሁ ሰው የተወለደው በ1945 ዓ.ም. ከሆነ የ1950ውን ምርጫ አይቶ ሊፈርድ አይችልም፤ የሚነግራችሁ የሰማውን ነው። መስማቱ ዋጋ አያጣም፤ ግን በማስታወሻችሁ ላይ «ያዩት» እና «የሰሙት» ብላችሁ በሁለት ዓምድ ለዩት።

ሕጉን በቅድሚያ ማንበብ

የሴቶች መብት ታጋይን ታሪክ ከተራ የሹመት ታሪክ የሚለየው ይህ ክፍል ነውና ጊዜ ስጡት። ስለ ሴትዮዋ አንድ ቃል ከመጻፋችሁ በፊት በዘመናቸው ሕጉ ምን ይል እንደነበር እወቁ።

በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን የሚመርጡት መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ እንደራሴውን እንዲመርጥ አደረገ፤ 21 ዓመት የሞላት ሴትም ድምፅ መስጠት ቻለች። ስለዚህ ስንዱ የተመረጡት ሕዝብ በመረጠበት የመጀመሪያው ምርጫ ነው። ይህን ያላወቀ ጸሐፊ «ከረጅም ዘመን የወንዶች ምርጫ በኋላ ተመረጡ» ብሎ ይጽፋል፤ ሐሰት ነው።

ቀጥሎ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ አውጡ። አንቀጽ 581 ወንድ በ18፣ ሴት በ15 ዓመት እንዲያገቡ ይፈቅድ ነበር። አንቀጽ 635 ደግሞ ባልን የቤተሰቡ የበላይ ያደርገውና ሚስት በሕጋዊ ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ያዝዝ ነበር። ይህ ሕግ የወጣው ስንዱ የተመረጡበት ምክር ቤት ሥራ ላይ እያለ ነው። አንድ ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ሕግ አውጪ በሆነችበት ዘመን ሚስት ለባልዋ ትታዘዝ የሚል ሕግ ወጣ ማለት ነው። በጽሑፋችሁ ልብ ላይ መቀመጥ ያለበት ጥያቄ እዚህ ነው፤ በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት ምን አለች? ማን ሰማት? መልሱን የሚሰጡ የምክር ቤት ቃለ ጉባኤዎችና የዘመኑ ጋዜጦች ናቸው። መልሱን ሳታገኙ «አጥብቀው ተቃወሙ» ብላችሁ አትጻፉ። ጥያቄውን እንዳለ ለአንባቢ ማቅረብ ግን ተገቢ ነው።

የወንጀሉን ሕግም እንዲሁ እዩ። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ በሕግ ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበት ድንጋጌ ነበር። በ1996 ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ይህን በር ዘጋ፤ ጠለፋን በአንቀጽ 587፣ የሴት ልጅ ግርዛትን በአንቀጽ 565 እና 566፣ ያለዕድሜ ጋብቻን በአንቀጽ 648 ይቀጣል። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በፖለቲካ የሠራች ሴትን የምትጽፉ ከሆነ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 እና እነዚህ አንቀጾች ጠረጴዛችሁ ላይ ይሁኑ።

አንድ ስሕተት ደጋግሞ ይታያል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. የጋብቻን ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 አደረገ፤ የባልን የበላይነትም አስቀረ። ይህ አዋጅ 213 ግን የፌዴራል ሕግ ነው፤ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ የሚተዳደሩት በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። በደሴ ለዚህ ጉዳይ የተሟገተች ሴት ውጤቷን ያየችው በ1992 ሳይሆን በ1995 ነው። ሦስት ዓመት ቀላል አይደለም፤ በዚያ መሃል የተዳሩ ልጆች አሉ። ለፌዴራል ሕግ ነጋሪት ጋዜጣን፣ ለክልሉ ዝክረ ሕግን ፈልጉ። ፍርድ ቤት አካባቢ ያሉ ጠበቆችና የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ክፍል ዘንድ ጠይቁ። ስትገለብጡ አንቀጹ ያለበትን ገጽ ብቻ ሳይሆን የአዋጁ ቁጥርና ቀን ያለበትን የመጀመሪያ ገጽም ጨምሩ፤ ይህ ከተዘለለ በኋላ የየትኛው ሕግ ገጽ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል።

በወሎ ሲሆን አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የብዙ ሙስሊም ሴቶች የጋብቻና የፍቺ ጉዳይ የሚታየው በሸሪዓ ፍርድ ቤት ነው፤ ሕገ መንግሥቱም በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ይህን ይፈቅዳል። ስለዚህ «ፍርድ ቤት ሄደች» ሲባል የትኛው ፍርድ ቤት እንደሆነ ሁልጊዜ ጠይቁ።

ማስረጃ የት ይገኛል

በ2014ቱ ጦርነት የደሴ ሙዚየምን ጨምሮ ብዙ ተቋማት ተዘርፈዋል። በመሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ ብቻ መተማመን አይቻልም፤ በየሰዉ ቤት በሣጥንና በሻንጣ የተቀመጠ ወረቀት ዋጋው ጨምሯል። የማኅበር አባልነት ደብተር፣ የስብሰባ ጥሪ፣ የምስክር ወረቀት፣ የምርጫ ካርድ፣ ደብዳቤ ሁሉ ይጠቅማል። ከ1972 ዓ.ም. በኋላ በአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር የሠሩ ሴቶች ማኅተም ያለበት ደብተር ወይም መታወቂያ ያስቀመጡ ይኖራሉ። የትምህርት ቤቶች የድሮ መዝገብም አይናቅ፤ የተማሪ ስም ዝርዝር ላይ የሴቶችን ቁጥር ዓመት በዓመት መቁጠር ይቻላል፤ ይህ ከማንም ንግግር የበለጠ ይናገራል።

አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ካላችሁ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) የአዲስ ዘመን ጋዜጣን የቆዩ ዕትሞች፣ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ኢንስቲትዩት ደግሞ መጻሕፍትንና ጽሑፎችን ይይዛሉ። የተቋማችሁን የትብብር ደብዳቤ አስይዙት። የሚፈልገውንም ጠበብ አድርጉለት፤ «ስለ ስንዱ ገብሩ ያለ ሁሉ» ከማለት «ከመስከረም እስከ ኅዳር 1950 የወጡ ዕትሞች» ማለት በአንድ ቀን ሥራ ይጨርሳል።

የሚነገር ነገርን ወደ ተረጋገጠ ነገር የማድረስ ልምምድ እንዲሆን አንድ እንስጥ። ስንዱ ገብሩ ከነጻነት በኋላ ደሴ ላይ በትምህርት ሥራ ላይ ነበሩ ይባላል። ለደሴ ቡድን ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ስለዚህም ሳይጣራ ለመጻፍ ያጓጓል። መጣራት ያለበት በየትኛው ትምህርት ቤት፣ በምን ኃላፊነት፣ ከመቼ እስከ መቼ የሚለው ነው። የትምህርት ቤቱ የኃላፊዎች ስም ዝርዝር፣ ፊርማ ያለበት ሰነድ፣ በጊዜው የተነሣ የጋራ ፎቶ አንዱ ከተገኘ ያለ «ይባላል» ይጻፋል። አንዱም ካልተገኘ «እንደሚነገረው» የሚለው ቃል ከዓረፍተ ነገሩ እንዳይወጣ። ሦስት ሰው ተመሳሳይ ነገር መናገሩ ማረጋገጫ የሚሆነው ሦስቱም ከአንድ ምንጭ ካልሰሙት ነው።

ሽማግሌዎችን ማነጋገር

ሁለት ሰው ይሂድ፤ አንዱ ይጠይቃል፣ አንዱ ይጽፋል። እናቶችን ለማነጋገር ከሁለቱ አንዷ ሴት ብትሆን ግድ ነው፤ ስለ ግርዛት፣ ስለ ጠለፋ፣ ስለ ወሊድ አንዲት እናት ለወንድ ልጅ አትናገርም። የመጀመሪያው ቀን ጉብኝት ብቻ ይሁን። የማን ልጅ እንደሆናችሁ፣ ለምን እንደመጣችሁ ተናገሩ፤ ቡናውን ጠጡ፤ ስልክ አታውጡ። «እትዬ»፣ በዕድሜ የገፉትን «እማማ» በሉ፤ አንቱታው እስከ መጨረሻው አይላላ። በሁለተኛው ቀን ፈቃድ ጠይቃችሁ ቅዱ። ፈቃዱ ራሱ ይቀዳ፦ ድምፃቸው እንዲቀዳ፣ ስማቸው እንዲጠቀስ፣ ፎቶአቸው እንዲለጠፍ፤ ሦስቱ ለየብቻ ይጠየቃሉ። አንዱን ፈቅደው ሌላውን ሊከለክሉ ይችላሉ።

ስልኩ ጥሪ እንዳይገባበት በበረራ ሁኔታ ላይ ይሁን። ረከቦቱ ላይ ወይም ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡት፤ የሲኒ ኳኳታ ከድምፃቸው በላይ ይገባል። የታጠፈ ጋቢ ላይ፣ ከአፋቸው ግማሽ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ይቀመጥ። ከአንድ ሰዓት በላይ አትቅዱ። የአንድ ሰዓት ቅጂ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ይፈጃል፤ አራት ሰው ለየአንድ ሰዓት ከቀዳችሁ የሃያ ሰዓት ሥራ ተከምሮላችኋል። በዚያው ዕለት ማታ ፋይሉን በሌላ ስልክ ወይም ፍላሽ ላይ አስቀምጡ፤ ስሙን በቀንና በቦታ ጻፉበት።

የሚያከሽፈው ጥያቄ «ለሴቶች መብት ምን አደረጉ?» የሚለው ነው። መልሱ «ብዙ ሠርተዋል፣ ጀግና ነበሩ» ይሆናል፤ ከዚያ የሚጻፍ ነገር አይገኝም። በሰው ሕይወት ውስጥ ያለውን ነገር ጠይቁ። ያኔ በዚህ ሰፈር ልጃገረድ የምትዳረው በስንት ዓመቷ ነበር? ትዳር ሲፈርስ ቤቱ ለማን ቀረ? ከብቱስ? በስብሰባ ላይ ሴቶች የት ይቀመጡ ነበር? ለመናገር እጅ ያወጣች ማን ነበረች፣ ምን ብላ ጀመረች? ያን ቀን ባልዋ ምን አለ? ልጇን ትምህርት ቤት የላከች ማን ናት፣ የከለከለስ? ከእንዲህ ያለ ጥያቄ በኋላ ብቻ «እሳቸው በዚህ ውስጥ ምን አደረጉ?» በሉ።

ከገጠር ቀበሌ የመጡ እናቶችን የምታነጋግሩ ከሆነ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተራቸውን እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ። በክልሉ የባልና የሚስት ይዞታ ሲመዘገብ በሁለቱም ስም ነው፤ ፎቶአቸው ጎን ለጎን ተለጥፎበታል። ደብተሩን በእጃቸው ይዘው የራሳቸውን ፎቶ በጣታቸው ሲያመለክቱ የሚነግሯችሁ ነገር ያለ ደብተሩ ከሚነግሯችሁ ይለያል፤ የትኛው ማሳ ከማን እንደመጣ፣ ማን አልሰጥም እንዳለ፣ ማን እንደመሰከረ ከዚያ ይነሣል። የቁጥሩንና የፊቱን ገጽ ፎቶ ግን አታንሡ፤ የግል ሰነድ ነው።

የደርግን ዘመን ስትጠይቁ ተጠንቀቁ። በማኅበር የሠሩ ሴቶች አንዳንዶቹ ተገደው፣ አንዳንዶቹ አምነው ሠርተዋል፤ በቀይ ሽብር ልጅ ያጡም አሉ። ሌላ ሰው ላይ የሚነገር ክስ በቅጂ ላይ ቢገባም ወደ ጽሑፋችሁ አይግባ። ያለቀሱ እናት ካሉ ቅጂውን አቁሙ፤ እንዲቀጥል ካልጠየቁ አትቀጥሉ።

ፎቶና ወረቀት አያያዝ

የድሮ ፎቶ ሲሰጣችሁ ገልብጡት። ከጀርባው የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ በእርሳስ የተጻፈ ስም ወይም ቀን ይገኛል። የፊቱን ብቻ አንሥቶ መመለስ ግማሹን ማስረጃ መተው ነው። አልበም ላይ የተጣበቀን ፎቶ አትላጡ፤ የላይኛው ሽፋን ከነምስሉ ይነሣል፣ አይመለስም። በመስኮት አጠገብ፣ በቀጥታ ፀሐይ ያልተመታ ቦታ ላይ አስቀምጡት፤ ፍላሽ አጥፉ፤ ትንሽ ማስመሪያ ከጎኑ አድርጋችሁ ከላይ ቀጥ ብላችሁ አንሡ። ስካነር ካገኛችሁ ጥራቱ በኢንች 300 ነጥብ (dpi) ይሁን፤ የጉርድ ፎቶ የሚያክል ትንሽ ከሆነ በ600፣ አለዚያ ሲጎላ ይደበዝዛል። ፎቶውን ወደ ቤታችሁ አትውሰዱ። በፎቶው ውስጥ ያሉትን ሰዎች ከግራ ወደ ቀኝ ስማቸውን እዚያው ቁጭ ብላችሁ ጻፉ፤ በነጋታው ማንም አያስታውስም።

መጻፍ

አብዛኛው ጽሑፍ ከልደት ጀምሮ ይሄድና ሹመት ላይ ሲደርስ ቃላቱ ያልቃሉ። የቃላት ድልድሉን አስቀድማችሁ ቁረጡ። ለልደት፣ ለቤተሰብና ለትምህርት ከ200 ቃላት አይለፍ። ሕጉና ልማዱ ምን ይመስል ነበር ለሚለው 300 ስጡት። ለሴትዮዋ ትግል፣ ለተባባሪዎቻቸውና ለተቃዋሚዎቻቸው ቢያንስ 500። ምን ተለወጠ፣ ምን ቀረ ለሚለው 300 ያህል። የቀረው ለመግቢያና ለማያያዣ ነው።

መግቢያው ውዳሴ አይሁን። «የሴቶች ፋና ወጊ፣ የጀግኖች ጀግና ስለሆኑት ስለ ታላቋ እናታችን» ብሎ የጀመረ ጽሑፍ ማንንም ስም ብትተኩበት ይሠራል። እንዲህ ያለ ይሻላል፦

«በመስከረም 1950 ዓ.ም. ሕዝቡ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴውን ለመጀመሪያ ጊዜ መረጠ። ከተመረጡት አንዷ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን የመሩት፣ በአዚናራ የታሰሩት ስንዱ ገብሩ ነበሩ። ምክር ቤቱ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ሚስት ለባልዋ ትታዘዝ የሚል የፍትሐ ብሔር ሕግ ወጣ።»

በሦስት ዓረፍተ ነገር ሰው፣ ዘመንና ሙግቱ ገብተዋል። ቅጽል አልገባም።

ስለ አካባቢ ሰው ስትጽፉ የፓርቲ ቋንቋ ሰተት ብሎ ይገባል። «የሴቶችን ተሳትፎ በማረጋገጥ ረገድ አመርቂ ውጤት አስመዝግበዋል» የሚል ከሪፖርት የተገለበጠ ዓረፍተ ነገር ስታገኙ ሰርዙትና ያን ጊዜ በአዳራሹ ስንት ሴት እንደተቀመጠች፣ ምን እንደተወሰነ ጻፉ። ያልተሳካላቸውንም ጻፉ። ያቀረቡት ሐሳብ ወድቆ ከሆነ ማን እንደጣለውና በምን ምክንያት ማወቅ ከተሳካው የበለጠ ያስተምራል። ሴትዮዋ በሕይወት ካሉ ረቂቁን አንብቡላቸው፤ የቀን፣ የስምና የቦታ ስሕተት ያርሙ። ቤተሰብ ደስ የማይል እውነት ከጽሑፉ ይሰረዝ ካለ ግን ከመሰረዝ በፊት መምህራችሁን ወይም የማኅበሩን ኃላፊ አማክሩ። የግል ጉዳይ ከሆነ ይሰረዝ፤ የአደባባይ ሥራ ከሆነ ይቆይ።

ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ከቡድኑ ውጭ ያለ ሰው እያንዳንዱን ዓመተ ምሕረት፣ ስምና የአንቀጽ ቁጥር በቀይ ያክብብ። ለእያንዳንዱ ክብ ምንጩን በማስታወሻችሁ ላይ ማሳየት ካልቻላችሁ ከጽሑፉ ይወጣል። ይህ ሥራ ሁለት ሰዓት ቢወስድ ነው፤ ሳይደረግ የቀረበት ጽሑፍ ግን በመድረክ ላይ በአንድ ሽማግሌ ይታረማል፣ ከዚያ በኋላ ሌላውም ነገር አይታመንም።

ማሳተምና ማስረከብ

ለግድግዳ የሚሆነው ፊደል ከ26 ነጥብ ባያንስ ጥሩ ነው፤ ሰው ከአንድ ሜትር ርቀት ያነበዋልና። ፒያሳ ወይም ሌላ ቦታ ወዳለ ማተሚያ ስትሄዱ ፋይሉን በፒዲኤፍ ይዛችሁ ሂዱ። በዎርድ የወሰዳችሁት ከሆነ የቤቱ ኮምፒውተር ፊደሉ ከሌለው ገጹ ይተራመሳል፤ በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ጽሑፉ ወደ ባዕድ ምልክት ይለወጣል። አንዱን ገጽ አስቀድማችሁ አሳትሙና «ሠ» እና «ሰ»፣ «ፀ» እና «ጸ» በስሞች ላይ አንድ ወጥ መሆናቸውን እዩ። የካቲት 29 ዋዜማ ማተሚያ ቤቶች ስለሚጣበቡ በአንድ ሳምንት ቀድማችሁ ጨርሱ።

ከበዓሉ በኋላ ወረቀቱ ተቀድዶ እንዳይቀር አራት ቅጂ አዘጋጁ፤ ለሴትዮዋ ቤተሰብ፣ ለትምህርት ቤታችሁ ቤተ መጻሕፍት፣ ለወሎ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍትና ለከተማው ባህልና ቱሪዝም ቢሮ። የድምፅ ቅጂዎቹን ከነፈቃዳቸው በፍላሽ አብራችሁ አስረክቡ፤ በላዩ ላይ የተናጋሪውን ስም ሳይሆን ቁጥር ጻፉ፣ የስሙን ዝርዝር ለብቻው በታሸገ ፖስታ ስጡ። ለተቀባዩ አስፈርሙና የፈረመበትን ወረቀት ከማስታወሻችሁ ጋር አስቀምጡ።